የሶፊ ሜዳና ያልተጻፈው ታሪክ

ሐረር ሲነሣ የተማረው ከተሜ ቀድሞ የሚያስታውሰው የጀጎልን ግንብ ነው። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይገባዋልም። ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር ከክልሉ ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ የሆነው ሶፊ ግን በጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከክልሉ 183 ሺህ ገደማ ሕዝብ 46 ከመቶ የሚሆነው የገጠር ነዋሪ ነበር። የዚህ ሕዝብ ታሪክ የት ተጻፈ? ጥያቄውን ቀላል ከሚመስል ነገር ልጀምረው፤ ከመንደር የእግር ኳስ ቡድን።

ውድ አንባብያን፣ «አገር በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለች ስለ መንደር ኳስ መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ፣ የመንደር ቡድን የኳስ ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በሹመት ያልተቋቋመ፣ በጀት ያልተመደበለት፣ ማኅተም የሌለው፣ ሆኖም ሕግ ያለው ማኅበር ነው። ለኳስ መግዣ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ከጎረቤት መንደር ጋር ቀጠሮ ይያዛል፤ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይገባል። የገጠር ወጣት ትዳር ይዞ እድር ከመግባቱ፣ የሐረር ልጅም በአፎቻው ውስጥ የለቅሶና የሠርግ ወግ ከመልመዱ አስቀድሞ ራሱን በራሱ ማስተዳደርን የሚማረው በዚያ አቧራማ ሜዳ ላይ ነው። እኛ ምሁራን ስለ ሲቪል ማኅበራት ስንከራከር ከአዋጅ ቁጥር 621/2001 እስከ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያለውን ወረቀት እናገላብጣለን። ነጻ ማኅበር ግን አስቀድሞ ከልማድ ይወለዳል እንጂ ከአዋጅ ብቻ አይወለድም።

የአገራችን የእግር ኳስ ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የፋሺስት ጦር አገሪቱን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች ሲቋቋም የሰፈር ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮናም አምስት ቡድኖች ተካፈሉ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ከወታደሮቹ በስተቀር ሁሉም በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ማኅበረሰብ ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ።

የፋብሪካውና የመሥሪያ ቤቱ ዘመን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሐረር ብዙም በማትርቀው ድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ኮተን እና ኢትዮ ሲሚንቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት ተቀዳጅተዋል። በሐረርም የቢራ ፋብሪካው ቡድን እስከ ፕሪሚየር ሊጉ ደርሶ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄኒከን ተሸጠ፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ቡድን በሊጉ ውስጥ አይገኝም። የፋብሪካ ቡድን ዕጣው ከፋብሪካው ጋር ነው፤ የከተማ አስተዳደር ቡድንም ዕጣው ከበጀቱ ጋር ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስስ ለምን አልጠፋም? በወረራው ዘመን ጣሊያኖች «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል አደረጉት፤ በደርግ ዘመንም የቢራ ፋብሪካ ስም ተሸከመ። ስሙ ሁለት ጊዜ ሲፋቅ ታሪኩ አልተፋቀም፤ ታሪኩን በቃሉ የያዘ፣ ቡድኑን «የእኔ» የሚል ሕዝብ ነበረውና። ስለዚህ ለአንድ ቡድን ታሪክ ጌጥ አይደለም፤ ከበጀት በላይ ዕድሜ የሚሰጠው ሀብቱ ነው።

አሁን ወደ ሶፊ እንመለስ። የመዲናዋ ቡድን ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ፌዴሬሽን ታሪኩን ይመዘግቡለታል። የገጠሩን ቡድን ታሪክ የያዙት ግን በዕድሜ የገፉት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ታሪኩም አብሮ ይቀበራል። ሜዳውም እንዲሁ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ለማሳው የይዞታ ደብተር ይኖረዋል፤ መንደሩ በጋራ ለሚጫወትበት ሜዳ ግን ማን ደብተር ያወጣለታል? ጫት ማሽላውንና ቡናውን እየገፋ በሚስፋፋበት በሐረርጌ ምድር ባዶ መስሎ የሚታይ መሬት ብዙ ዓይን ያርፍበታል።

«እንግዲያውስ መንግሥት ቡድኖቹን ይመዝግብ» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። በዚህ አልስማማም። ሊቀ መንበሩ ከላይ የሚመደብለት፣ ለሰልፍና ለስብሰባ የሚጠራ ቡድን የመንደሩ መሆኑ ያከትማል። መመዝገብ ያለበት ቡድኑ ሳይሆን ሜዳው ነው፤ በወል ይዞታነት፣ በመንደሩ ሕዝብ ስም። ታሪኩን ደግሞ መንግሥት ሳይሆን የመንደሩ የተማሩ ልጆች ይጻፉት። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ለበዓል ከከተማ የሚመለሰው ተማሪ በአንድ ደብተር ላይ የሽማግሌዎቹን ቃል በየቋንቋቸው ይመዝግቡ፤ ማን መሠረተው፣ ኳሱ በምን ተገዛ፣ ከማን ጋር ተጋጠሙ፣ በምን ተጣልተው በማን ታረቁ። አንድ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሐረር የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም በአንድ ግለሰብ፣ በአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ትጋት ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችንና የዘፈን ቅጂዎችን በማሰባሰብ የተጀመረ ነው። ለብራናው የተደረገው ለሜዳው የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። «ይወረሳል» የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁለት ትርጉም እንዳለው ግን ትርፍ ቤቱን የተነጠቀው ትውልድ ጠንቅቆ ያውቃል። ታሪኩ የተጻፈለትን ሜዳ ልጆቹ ይወርሱታል፤ ያልተጻፈለትን ደግሞ ሌላ ይወርሰዋል።

ቸር እንሰንብት።