የቆሻሻ መኪና ኢንሹራንስ፦ የመስታወቷ ስቲከር የማትሸፍናቸው ሦስት ኪሳራዎች

ከቤታችን የምናወጣው ፌስታል ረጅም መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ የማኅበር ልጆች በጋሪ ይሰበስቡታል፣ ከዚያ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከገንዳው ደግሞ መኪና ጭኖት ወደ ረጲ ያቀናል። መሀል ላይ ሰው ቢጎዳ ወይም መኪናው ቢቃጠልስ? ሒሳቡ የማን ነው?

ብዙ ባለመኪና "ኢንሹራንስ አለኝ" ይላል። አሳየኝ ሲባል የሚያሳየው መስታወት ላይ የተለጠፈችውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። እሷማ ግዴታ ናት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ እሷ መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ግን ስሟ እንደሚለው የምትሸፍነው ሌላውን ሰው ነው፦ የተገጨውን እግረኛ፣ የተላተመውን መኪና፣ የፈረሰውን አጥር። ያውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ። ከዚያ በላይ ያለው የባለንብረቱ ዕዳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም ይጠየቃል።

ታዲያ ስቲከሯ የማትነካው ምንድን ነው?

👉 1ኛ፦ ሠራተኛው

በዚህ ሥራ አደጋው ከመንዳቱ ይልቅ ማንሳቱ ላይ ይበዛል። ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ጠርሙስ እጁን ይቆርጠዋል፣ የተጣለ መርፌ ይወጋዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ግልጽ ነው፦ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው መሥራት ቢያቅተው ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ረዳት ቢሆን 360,000 ብር ማለት ነው። ሕክምናው ሳይቆጠር።

የማኅበር አባላት ነገር ደግሞ ይብሳል። አባሉ ባለድርሻ ነው እንጂ ተቀጣሪ አይደለም። ሲጎዳ "አሠሪዬ ይካሰኝ" እንዳይል አሠሪው እሱ ራሱ ነው! ለእንዲህ ዓይነቱ የሚበጀው አባላት በጋራ የሚገቡት የአደጋ መድን ነው።

👉 2ኛ፦ መኪናው

የራስን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ መድን (ኮምፕርሄንሲቭ) ነው። እሱን የገባም ቢሆን ዘና አይበል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ እናውቃለን። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ግን የድሮው ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? እንበልና ዛሬ 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ3 ሚሊዮን ተመዝግቦ ኢንሹራንስ ተገብቶለታል። የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ሲደርስበት ባለቤቱ "1 ሚሊዮኑ ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ" ብሎ ያስባል። አያገኝም። የተመዘገበው የዋጋው ግማሽ ስለሆነ የሚከፈለውም ግማሹ፣ 500,000 ብር ነው። አረቦን ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ማስመዝገብ በኋላ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው።

👉 3ኛ፦ ጭነቱ

ይሄኛው እኛንም ይመለከታል። ያበጠ የስልክ ባትሪ ወይም የተበላሸ ፓወር ባንክ ከቆሻሻ ጋር ስንጥል፣ ቆሻሻ የሚጨምቀው መኪና ሲጫነው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የተቃጠለውን መኪና ስቲከሯ አትከፍልም።

መኪናው ቆሻሻውን ሲደፋም አደጋው አብሮት ነው። ቆሼ ምን ያህል አደገኛ ቦታ እንደሆነ መጋቢት 2 ቀን 2009 አይተናል፤ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው አጥተናል። እዚያ ክምር ላይ ወጥቶ የሚደፋ መኪና ቢገለበጥ ወይም ሰው ቢጎዳ፣ ፖሊሲው የሚሠራው መንገድ ላይ ብቻ ነው ወይስ እዚያም ጭምር? መልሱ ያለው ብዙዎቻችን ሳናነብ በምንፈርመው ወረቀት ውስጥ ነው።

የችግሩ ሥር የት ነው?

ዋጋው ላይ። ሥራው በርካሽ ላቀረበ ሲሰጥ፣ ዋጋውን ማውረድ የሚችለው ለሠራተኛው መድን ያልገባው ነው። በአግባቡ የገባው አረቦኑን ዋጋው ላይ ስለሚጨምር ይሸነፋል። ስለዚህ ባለሥራውን "ለምን አልገባህም" ብሎ መውቀስ ብቻውን ዋጋ የለውም። አሠሪው አካል፣ መንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት፣ የሠራተኛ መድንን የውል ግዴታ ሊያደርገውና ወጪውንም ከክፍያው ጋር ሊያስብለት ይገባል። ያለዚያ ከተማዋ በርካሽ ጸዳች የምንለው፣ ልዩነቱን ረዳቱ በአካሉ እየከፈለ ነው።

እዚህ ሥራ ውስጥ ካላችሁ ወይም ለመግባት ካሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንሱን እነዚህን ጠይቁ፦

✅ ረዳቱና ጫኙ ተሸፍነዋል?
✅ የተጻፈው የመኪና ዋጋ የዛሬው ነው?
✅ እሳትን፣ በመጫንና በመድፋት ላይ የሚደርስ አደጋን ያካትታል?
✅ ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሳችን የምንከፍለው ስንት ነው?
✅ አደጋውን በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብን?

መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሁን። እኛ ደግሞ ያበጠውን ባትሪ ፌስታል ውስጥ አንክተት።