አንትሮፖሎጂ ደረሰኝ፤ ልማረው ወይስ ልቀይር?



የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ከየዩኒቨርሲቲው ስልክ ይደወልልናል። «ኡስታዝ፣ አንትሮፖሎጂ ደርሶኛል። ልማረው ወይስ ልቀይር?» ይላሉ። ግማሾቹን የሚያስጨንቃቸው ሥራ ነው፤ ግማሾቹ ደግሞ «ዲኔን ያበላሽብኛል» ብለው ይፈራሉ። ስሙን መጥራት አቅቶት «ያ የሰው ጥናት የሚሉት» የሚለን ወላጅም አለ። እኛ የምንለው፦ ዲኑን በቅጡ የቀራ፣ ማንበብና ሰው ማዳመጥ የሚወድ ልጅ ይማረው።

ፍሬሽማን ላይ ኮርሱን የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ። ትምህርቱ የሰውን አካልና አመጣጥ፣ የጥንት ቅርሱን፣ ቋንቋውንና ባህሉን ያጠናል። ሶሻል አንትሮፖሎጂ የሚባለው ክፍል ሰዎች እንዴት ይጋባሉ፣ እንዴት ይወራረሳሉ፣ ሲጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል፣ ሙታናቸውን እንዴት ይቀብራሉ ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ቢሮ ተቀምጦ አይገኝም፤ ከሰዎቹ ጋር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት አብሮ ኖሮ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ነው።

ይህ ለዑለማኦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፊቅህ የቀራ ሁሉ ከአምስቱ ታላላቅ ቃዒዳዎች አንዱ ስለ ልማድ መሆኑን ያውቃል። ሸሪዓ ዝርዝሩን ባልወሰነበት ጉዳይ የአገሩ ልማድ ዳኛ ይሆናል። የሚስት ቀለብ ምን ያህል ነው? ቤት ሲሸጥ ምን ምን አብሮ ይሸጣል? ሰውየው ሲምል በቃሉ ምን ማለቱ ነበር? ማሊኪዩ ኢማም አልቀራፊ፣ ሙፍቲው ከሌላ አገር ለመጣ ሰው በራሱ አገር ልማድ ፈትዋ እንዳይሰጥ፣ መጀመሪያ የሰውየውን አገር ልማድ እንዲጠይቅ አስጠንቅቀዋል። ታዲያ የአፋርን፣ የስልጤን፣ የጅማን ልማድ ማን አጥንቶ ለሙፍቲው ያቅርብለት?

አቡ ረይሓን አልቢሩኒንም እዩ። እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ስለ ህንዶች እምነትና ልማድ ያንን ትልቅ ኪታብ ሲጽፉ ሳንስክሪት ተምረዋል። ኪታቡ የክርክር እንዳልሆነ፣ ሰዎቹ የሚሉትን እንዳሉት እንደሚያቀርቡ መግቢያው ላይ ተናግረዋል። በዚህ ከተውሒዳቸው አልወጡም። ሌላው የሚያምነውን በትክክል መናገርና በዚያ ማመን ለየቅል ናቸው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። የሰው ዘር አመጣጥ ላይ የሚሰጠውን ትምህርት በተመለከተ፣ የአደምን ዐለይሂ ሰላም መፈጠር የምናምነው በቁርኣን ነው፤ ፈተና ላይ ግን ንድፈ ሐሳቡ የሚለውን በትክክል ጻፉ፤ ግማሽ ገጽ አንብባችሁ ከመምህር ጋር አትከራከሩ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ቀስ ብሎ የሚገባው ነው፦ ዲንን ሁሉ ሰዎች የሠሩት ባህል አድርጎ የማየት ነገር። ይህን ዓመታት ሲሰማ የኖረ ልጅ የራሱን ሶላት «ሪቹዋል» ማለት ይጀምራል። ከክላሱ ጎን ለጎን ቂርኣት አይቋረጥ የምንለው ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ያደገበትን ቤትም እወቁ። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ለታተመው የኑዌር ጥናቱ ሱዳን የገባው በቅኝ ገዢው መንግሥት ጥያቄና ገንዘብ ነበር። ስለ ሊቢያ ሰኑሲያዎች የጻፈውም እዚያ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ካገለገለ በኋላ ነው። ይህን ነገር አንስተው ከመረመሩት አንዱ ኦክስፎርድ ላይ የእሱ ተማሪ የነበሩት ጠላል አሰድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 አንትሮፖሎጂ ከቅኝ አገዛዝ ጋር ስላለው ግንኙነት መጽሐፍ አሰናድተዋል። በ1986 ደግሞ ኢስላምን የሚያጠና ሰው ሙስሊሞቹ ራሳቸው ከሚነሱበት፣ ከቁርኣንና ከሐዲስ ጋር ከተያያዘው ትውፊት መጀመር እንዳለበት ጽፈዋል። እኚህ ሰው መዲና የተወለዱ፣ የሙሐመድ አሰድ ልጅ ናቸው። አዎ፣ ከአይሁድነት ሰልመው ወደ መካ ስላደረጉት መንገድ የጻፉት፣ ቁርኣንንም በእንግሊዝኛ የተረጎሙት ሙሐመድ አሰድ። ዛሬ ትምህርቱን የሚያስተምሩ ሰዎች የልጃቸውን ጽሑፍ ሳያነቡ አያልፉም።

ሥራን በተመለከተ አንዋሽም። «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አይወጣም። ተመራቂው የሚሞክረው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሙዚየም፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ የጤና ፕሮጀክት፣ ወይም ማስተርስ ይዞ ማስተማር ነው። ቤተሰቡን ቶሎ መርዳት ያለበት ልጅ ይህን አስቦ ይወስን። የገባም ስታቲስቲክስና አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ይያዝ፤ ከመድረሳ ዐረብኛ ይዞ የመጣ ቀድሟል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ደግሞ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ሐረሪዎች በሠርግና በቀብር የሚረዳዱበትን አፎቻ አጥንተው ለውጭው ዓለም ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው ሲድኒ ዋልድሮን ነው። በጎ ሠርቷል። የወሎ ወዳጃ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው የአበጋር ዕርቅ፣ የሰፈራችሁ ዕድር ግን ከቤቱ ልጅ ገና ብዙ የሚጻፍለት ነው። ወዳጃው ላይ የምንነቅፈው ነገር ይኖር ይሆናል። ያን ክርክር ለዑለማኦች ትታችሁ አባቶች ምን እንደሚያደርጉ፣ ለምን እንደሚያደርጉም ራሳቸውን ጠይቁ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ ከዙህር በኋላ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ድምፃቸውን በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።