ሲያፍሩ ሐኪም አይመረጥም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሌላ ሰው ሲታመምም ለመምከሪያ እንጠቅሰዋለን። ሕመሙ የውሃ ሽንት የሆነ እንደ ሆነ ግን ተረቱ ይረሳል። ራሱን የሚያመው ሰው ሻሽ አስሮ ይወጣል፤ ጥርሱን የሚያመው ጉንጩን ይዞ ያማርራል፤ ሽንት የከለከለው ሰው ግን ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሐኪም ሊመርጥ አይችልም፤ ለምን ቢሉ፣ መምረጥ የሚቻለው በመጠየቅ ነውና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጎረቤቴ በሚኖሩ አንድ አዛውንት ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሰውየው ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ከመኝታቸው ይነሡ ጀመር። ባለቤታቸው ሲጠይቋቸው «ብርዱ ነው» እያሉ አሳለፉ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የተማረ ልጅ አላቸው፤ ለእርሱ ግን ከቶ አልነገሩትም። በምስጢር የአገር መድኃኒት ጠጡ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን እየገዙ ዋጡ። በዚህ ሁኔታ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት ሽንታቸው ፈጽሞ ቆመ። ሆዳቸው ከእምብርት በታች እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሲጮኹ፣ ልጃቸው ደንግጦ ወደ ሆስፒታል አደረሳቸው። በቀጭን ቱቦ ሽንታቸው ወጣላቸውና ነፍሳቸው መለስ አለ፤ ስፔሻሊስት እንዲያያቸውም ታዘዘ።

ልጁ በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ «ጎበዝ ሐኪም የት አለ?» እያለ ጠየቀ። አንዱ ስመ ጥር የሆነ የኩላሊት ሐኪም ጠቆመው፤ ሌላው በማስታወቂያ ያየውን ክሊኒክ ነገረው፤ ሦስተኛው ውጭ አገር ካልወሰድካቸው ዋጋ የለውም አለው። የመጀመሪያውን ምክር ተቀብሎ ተራ ሲጠብቅ አንድ ሳምንት አለፈ። ገንዘብ ከፍሎ ከገባ በኋላ ግን ሐኪሙ «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ሲል በትሕትና መለሰው። ልጁ ይህን ሲያጫውተኝ «ስልኬ ሲበላሽ እንኳ ከዚህ የበለጠ አጠያይቃለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ማን ምን እንደሚያክም ማወቅ ይገባል። ኔፍሮሎጂስት የሚባለው ሐኪም ደም የማጣራት ሥራው የደከመውን ኩላሊት በመድኃኒትና በዲያሊሲስ ይረዳል። ዩሮሎጂስት ግን ቀዶ ሐኪም ነው፤ የኩላሊትን ጠጠር፣ የፊኛንና የሽንት ቧንቧን ሕመም፣ የፕሮስቴትንና የወንድ አባለ ዘርን በሽታ ያክማል። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች ሆና የሽንት መውጫውን የከበበች ዕጢ ናት፤ ዕድሜ ሲገፋ ታድግና መንገዱን ታጣብባለች። ማደግዋ ብቻውን ካንሰር ማለት አይደለም፤ ይህን ለይቶ የሚናገር ግን መርምሮ ያየ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ሥራን ለባለሙያው መተው አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሂፖክራቲስ ስም በሚጠራው የጥንት ግሪኮች መሐላ ውስጥ ሐኪሙ ጠጠር ያለበትን ሕመምተኛ በቢላዋ እንዳይነካና ይህን ሥራ ለሚያውቁት እንዲለቅ ቃል ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ተራምዷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ገላ ሳይቀደድ የኩላሊትን ጠጠር ከውጭ በሚላክ ሞገድ ማድቀቅ ተጀመረ። ያደገችውን ፕሮስቴትም ሆድ ሳይከፈት በሽንት መውጫው በኩል በገባ መሣሪያ መፋቅ ይቻላል። ዘዴው ከአንድ በላይ ስለ ሆነም ሕመምተኛው የትኛው ለእርሱ እንደሚስማማ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ፍለጋው ከየት ይጀምራል? ከጠቅላላ ሐኪም ነው። እርሱ ሽንቱንና ደሙን አስመርምሮ፣ አልትራሳውንድ አሳይቶ፣ ስፔሻሊስት የሚያስፈልግ ሲሆን ሪፈር ይጽፋል። ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች ግን አሉ። ሽንት ፈጽሞ ሲቆም፣ ወይም የወጣት ልጅ የዘር ፍሬ በድንገት ሲያመው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ፍሬው ተጠማዝዞ እንደ ሆነ በስድስት ሰዓት ያህል ውስጥ ካልተፈታ ሊሞት ይችላልና። ደም የቀላቀለ ሽንትም ባያምም፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም፤ የፊኛ ካንሰር በዚህ ምልክት ሊጀምር ይችላል።

ከስፔሻሊስቱ ፊት በቀረባችሁ ጊዜ ደግሞ ጠይቁ። የሙያ ፈቃዱ በዚህ ልዩ ሙያ ነውን? ይህን ቀዶ ሕክምና ዘወትር ይሠራዋልን? ሌላ መንገድ የለምን? ምን ጉዳት ሊከተል ይችላል? ከዚያ በኋላስ የሚከታተለው ማን ነው? «ሐኪሙ ይቀየመኛል» የሚል ብዙ ሰው አለ። በበኩሌ በጥያቄ የሚቀየም ሐኪም ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት ራሱን ስላስታወቀ ሊመሰገን ይገባዋል እላለሁ። አጣዳፊ ካልሆነ የሌላ ሐኪም አሳብ መጨመርም ስድብ አይደለም።

«በገጠር ለሚኖረው ሰው ምን ምርጫ አለው?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነት ነው፤ ስፔሻሊስቶቹ በብዛት የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው የምርመራ ውጤቱንና ሪፈሩን ሳይዝ፣ ወይም ሙያው ወዳልሆነ ሐኪም ሄዶ እንዳይመለስ አስቀድሞ ማወቁ የሚያስፈልገው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ኀፍረት እንደሚሸነፍም ምስክር አለን። በምጥ መራዘም ፊኛቸው ተበስቶ ሽንት የሚፈሳቸው እናቶች ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከመሠረቱ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ በዩሮሎጂስት እጅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድነዋል። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ «ያፈርሁት ሐኪሙን አልነበረም፤ ልጄን ነው» አሉኝ። እንግዲህ ወጣት ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሆይ፣ አባታችሁ ቀድመው ይነግሩናል ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ጋር ትውላላችሁ። ቡናው ካለቀ በኋላ ለብቻቸው ስትሆኑ ቀስ ብላችሁ «አባባ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» በሏቸው። የሐኪሙ ምርጫ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ይመጣል።