ለሁለት ዓመት ዲግሪ የአሥር ዓመት ወለድ?



ባለፈው ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ አንድ ወንድማችን የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ልጅቷ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች፤ ፖሊስ መሆን ትፈልጋለች፤ አንድ የግል ኮሌጅ ለክሪሚናል ጀስቲስ የአሶሼት ዲግሪ ተቀብሏታል። አባታቸው «ትማር፤ ወለድ ግን እቤቴ አይገባም» ብለዋል። እናት ደግሞ «ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች» ይላሉ። ወንድማችን በሁለቱ መሃል ቆሞ «እስቲ እናንተ እዩት» አለን። ሻይ አፍልተን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ዕዳው ሳይሆን ስለ ሥራው ነበር። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፖሊስ ለመሆን የሃይስኩል ዲፕሎማና የፖሊስ አካዳሚ ይበቃል። እኛ ያለንበት ሚኒሶታ ግን ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚህ ዲግሪው ትርጉም አለው። ነገር ግን «ክሪሚናል ጀስቲስ» የሚል ስም ያለበት ዲግሪ ሁሉ ለፖሊስነት ፈተና አያስቀምጥም። የግዛቱ የፖሊስ ፈቃድ ሰጪ አካል፣ ፖስት ቦርድ የሚባለው፣ ያጸደቀው የሥልጠና ፕሮግራም ያስፈልጋል። የልጅቷን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ ስለ ፖስት ቦርድ አንድ ቃል የለም።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሚኒሶታ ስኩል ኦፍ ቢዝነስ እና ግሎብ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉ ለትርፍ የሚሠሩ ሁለት ኮሌጆች እዚሁ ግዛታችን ነበሩ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሰሳቸው። በ2016 የሄነፒን ካውንቲ ፍርድ ቤት በክሪሚናል ጀስቲስ ፕሮግራማቸው ተማሪዎችን እንዳታለሉ ፈረደ፤ ፖሊስ ወይም የአመክሮ ኦፊሰር ለመሆን የሚያበቃ መስሏቸው የተመዘገቡ ልጆች ዲግሪያቸው ወደዚያ ሥራ የማያደርስ ሆኖ አገኙት። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተማሪው ያበድሩ ነበር፤ ወለዱም እስከ 18 በመቶ ይደርስ ነበር። በ2017 የሚኒሶታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ብድሩ ከሕግ ውጭ አራጣ ነው አለ። አራጣ የሚለውን ቃል እኛ ከመስጂድ ነው የምናውቀው፤ እዚህ ከፍርድ ቤትም መጣ።

ገቢውንም አየን። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ እንደሚያሳየው የፖሊሶችና የመርማሪዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ በአገር ደረጃ ወደ 75 ሺህ ዶላር ነበር። የእስር ቤት ጠባቂ ወደ 53 ሺህ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ወደ 37 ሺህ ያገኝ ነበር። ለሁለቱ ለኋለኞቹ ብዙውን ጊዜ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይበቃል። የአመክሮ ኦፊሰርነት ደግሞ በአብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃል። እንግዲህ ይህ የሁለት ዓመት ዲግሪ ወይ ወደ ፖሊስነት ያደርሳል፣ ወይ ወደ አራት ዓመት ዲግሪ ይሸጋገራል፤ ከሁለቱ አንዱን ካላደረገ ያለ ዲግሪ በሚገኝ ሥራ ላይ ዕዳ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። በቤተሰቡ ሥር ያለ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት በመጀመሪያ ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው እስከ 6,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ በድምሩ 12,000። በ2024-25 ወለዱ 6.53 በመቶ ነበር። በዚህ ሂሳብ ለአሥር ዓመት በየወሩ ወደ 136 ዶላር ይከፈላል፤ በመጨረሻ የሚወጣው 16,400 ገደማ ነው። በትምህርት ላይ እያለች የሚጠራቀመውን አልጨመርንም። የግል ኮሌጁ ደብዳቤ ደግሞ ይህን ብድር «የተሰጠሽ እርዳታ» በሚል ርዕስ ሥር፣ ከስጦታው ገንዘብ ጋር ደባልቆ ጽፎታል። እናትየው ነፃ ገንዘብ መስሏቸው ነበር፤ አንፈርድባቸውም፣ እኛም በመጀመሪያ ዓመታችን እንዲሁ ተሸውደናል።

በወለድ ብድር መማርን በተመለከተ ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ለዚያ አሊሞች አሉ። ነገር ግን ብዙዎቻችን «ችግር ነው፣ ዶሩራ ነው» የምንለው ሌላ በር ሳናንኳኳ ነው። ለዚህ ዲግሪ ደግሞ በሩ አለ። የፔል ግራንት በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል፣ አይመለስም። ሚኒሶታ ከ2024 መኸር ጀምሮ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ በሚባለው ፕሮግራም ገቢያቸው ከ80 ሺህ ዶላር በታች ለሆኑ ቤተሰቦች በመንግሥት ኮሌጆች ከሌላው እርዳታ የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። አባቷ ታክሲ ነው የሚነዱት፤ ገደቡን አያልፉም። የግዛቱ የሽግግር ካሪኩለም 40 ክሬዲትም በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ከተጠናቀቀ በሌሎቹ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይያዛል፤ ሐሳቧን ብትቀይር ሁለቱ ዓመታት ውኃ አይበላቸውም።

አንዳንድ ወንድሞች «ሴት ልጅ፣ ያውም ፖሊስ?» ማለታቸው አልቀረም። የሴንት ፖል ፖሊስ ከዩኒፎርሙ ጋር ሒጃብ የፈቀደው በ2014 ነው። ይህን ብቻ አስታውሰናቸው ወደ ሂሳቡ ተመለስን።

አቋማችን ግልጽ ነው፤ ይህን ትምህርት በወለድ ብድር መጀመር አያስፈልግም። ፖስት ቦርድ የሚያውቀው የመንግሥት ኮሌጅ፣ ከቤት እየተመላለሱ። የአውቶቡስና የመጽሐፍ ወጪ እንደሚቀር እናውቃለን፤ ለዚያ የበጋ ሥራ አለ፣ ካልሞላም ከጀመዓው ያለ ወለድ መበደር ይቻላል።

ወንድማችን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ለእማዬ ማን ይንገራት?» አለ። አንዲት እህታችን አብራው ሄደች። ተመሳሳይ ደብዳቤ ያላችሁ፣ ወይም ታናናሾቻችሁ የደረሳቸው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ይዛችሁት ኑ።