ሃይሉክሷን ገዛን፣ ባሌስትራውስ?

ሰሞኑን በካኩማ ሻይ ቤቶች ያገለገለ ፒክአፕ በማኅበር ስለመግዛት ይወራል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ከሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሽንኩርትና ዱቄት በሰው መኪና እያስጫኑ ትርፍን ለኪራይ መገበር ይበቃል።

እኛም ስድስት ቤተሰቦች አምና በዕቁባችን አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ገዝተናል። ስህተታችን የመጨረሻዋን ሽልንግ ሳይቀር ለሻጩ መቁጠራችን ነው። ቀለሟ አዲስ፣ ሞተሯ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ሻንሲዋን ያየ ግን ከመካከላችን አልነበረም። በሁለተኛው ወር ባሌስትራው ተሰበረ። መለዋወጫ መግዣ ስላልነበረን ሦስት ሳምንት ቆመች፣ እኛም ተኮራረፍን።

ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን መኪና ከውጭ አታስገባም። ስለዚህ እዚህ የሚሸጠው የ20 ዓመት ፒክአፕ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚሁ አገር መንገድ ሲንገላታ የኖረ ነው። ከሚዋጣው ገንዘብ ቢያንስ ሩቡ ለጎማ፣ ለዘይትና ለፊልትሮ ይቀመጥ። የቱርካና አቧራ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ይዘጋል። ጎርፍ ከተሻገራችሁ በኋላ ዘይቱን እዩ፤ ወተት ከመሰለ ሞተሩን አታስነሱ። ስትገዙም ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነው ጉዱን የሚያወጣው። (ይህን መካኒኩ የነገረን ከገዛን በኋላ ነው!)

ከሁሉ የሚያሳስበን ወረቀቱ ነው። የኛ ሎግ ቡክ በሌላ ሰው ስም ነው ያለው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ግን ነገ አንድ ነገር ቢሆን የስድስት ቤተሰብ ገንዘብ በምን ይጠየቃል? የሻንሲ ቁጥሩ ከሎግ ቡኩ ጋር ይመሳከር፣ ምስክር ያለበት ውልም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይጻፍ። የኛ እስካሁን አልተጻፈም፤ እሁድ ልንሰበሰብ ተቀጣጥረናል።