ለጋሼ እጅ የሚሆን እስክርቢቶ አለ?

ዳባት ያለው አጎቴ ለዓመታት የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ጽሕፈቱ ደግሞ ቁልጭ ያለ ነው። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ግን መዝገቡን ለሌላ ሰው አስረክቦ አገኘሁት። "ጣቴ እንቢ አለኝ ልጄ፤ ሦስት አራት ስም ስጽፍ እስክርቢቶው ይወድቅብኛል" አለኝ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ "ብርድ ነው"፣ ግማሹ "ሪህ ነው" ይላል። ሐኪሙ ያለው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው።

እስክርቢቶውን አየሁት። ሁላችንም የተማርንበት ያ ቀጭን ባለ ስድስት ጎን ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ በቀጠነ ቁጥር እንዳይወድቅ አጥብቀን መጨበጥ አለብን፤ ጫናው ደግሞ አውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። እኔና እናንተ አይሰማንም። መገጣጠሚያው ላበጠ ሰው ግን እያንዳንዱ ፊደል ሕመም ነው።

መፍትሔው ተአምር አይፈልግም፦ ወፈርና ለስለስ ያለ መያዣ፣ ሳይጫኑት የሚፈስ ቀለም። የጃፓኑ ፓይለት "ዶክተር ግሪፕ" የተባለውን ወፍራም እስክርቢቶ በ1991 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሳም ፋርበር የሚባል ነጋዴ፣ ባለቤቱ በእጇ ሕመም ምክንያት መላጫ መያዝ ሲያስቸግራት አይቶ፣ ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸው የወጥ ቤት ዕቃዎች መሸጥ ጀመረ። ኦክሶ ይባላሉ። የገዛቸው ግን በሽተኛ ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛውም ተመቸው።

እኛ ጋስ? ጎንደር ፒያሳ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን ዞርኩ። "ወፍራም እስክርቢቶ" ስል ማርከር ያመጡልኛል! የሚገርመው ይህ የብራና አገር ነው። ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ቆርጦ ራሱ ነው የሚቀርጸው፤ ጫፉንም ውፍረቱንም ለራሱ እጅ እንዲሆን አድርጎ። ፋብሪካ ሲመጣ እስክርቢቶው ረከሰ፣ እጁ ግን ለእስክርቢቶው ይገዛ ተባለ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ክርክሩን አውቀዋለሁ። የፕላስቲክ ሻጋታ ውድ ነው፤ ገዢው ጥቂት ከሆነ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ስለዚህ ማንም አይሠራውም። እሺ። ግን ሙሉ እስክርቢቶ ሥሩ ያለው ማነው? የተለመደው እስክርቢቶ የሚገባበት የእንጨት እጀታ ይበቃል። ቶርኖ ያለው እንጨት ሠሪ ሻጋታ አያስፈልገውም፣ አሥር ብቻ ቢታዘዝም ይሠራዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የበሽተኞችን እጅ ለክተው ለከተማው እንጨት ሠሪዎች ቢያዙ ምን ይከብዳል? የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶዎች ሆስፒታሉ ቢገዛ ሠሪው ገበያ እንዳለ ያያል።

"በስልክ ይጻፍ" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም አልኩት። የጋሼ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፤ ባንክ ሲሄድ ደግሞ ፊርማ ነው የሚጠየቀው። ፊርማው ከድሮው ጋር አልመሳሰል ሲል አርባ ዓመት ፊደል ያስቆጠረ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ይሄ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ወፍራም እጀታ በሽታውን አያድንም፣ ሕክምናውንም አይተካም፤ ጠዋት ጠዋት ጣቱ የሚደርቅበትና የሚያብጥበት ሰው ብርድ ነው ብሎ ሳይተወው ቶሎ ሐኪም ይየው።

ለጊዜው ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ እስክርቢቶው ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩለት። አስቀያሚ ነው፣ አውራ ጣት ያክላል። ጋሼ ሳቀብኝ። ከዚያ የድሮውን የእድር ዝርዝር በቃሉ መጻፍ ጀመረ፤ አሥራ አንድ ስም ጻፈ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አርፎ እጁን አፍታታና "ነገ ደግሞ እንሞክራለን" አለ።