አውጪው ስም አለው፤ ተቀባዮቹስ?

ባለፈው የቡና ሰሞን ወናጎ ነበርን፡፡ የቡና ሰሞን በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፡፡ ለማያውቅ እንንገረው፦ ከዲላ ወጥታችሁ ጪጩን አልፋችሁ ወናጎ እስክትደርሱ እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ መንገዱን ይዞ ያስቸግራችኋል፤ በየሰዉ ኪስም ለተወሰነ ጊዜ ገንዘብ ይኖራል፡፡ ገንዘብ ሲኖር ሠርግ ይኖራል፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ዘፈን አለ፡፡ እኛም በሠርግ ሰበብ ነው የሄድነው (ጋዜጠኝነት ተምሮ ሥራ የሚፈልግ ሰው የሠርግ ጥሪ አይንቅም)፡፡

ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ነበር፡፡ አንዱ ከትልልቅ ስፒከሮች የሚወጣ ነው፡፡ ሌላው ስፒከሩ መብራት ሲጠፋበት ከጓሮ በኩል፣ ከእንሰቱ ሥር የጀመረ፡፡ አንዲት እናት ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፡፡ የሚቀበሉት ግን እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር በአንድ ድምፅ አይደለም፡፡ አንዷ ከታች ትይዛለች፣ ሌላዋ ከላይ ትገባለች፣ ሦስተኛዋ የፊተኛዋ ሳትጨርስ ትነሣለች፡፡ ጌዴኡፋ ባንሰማም ቆመን ቀረን፡፡ መብራቱ ተመለሰና ስፒከሩ እንደገና ሲጮህ አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ሳቅ ብለው፣ «ይሄም የእኛው ነው» አሉን፡፡

«የቱ እማማ?»

«አሁን የሚጮኸው፡፡ ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ፡፡»

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ድምፃዊ መጥቶ አሥራ አንድ ሴቶችን ወደ አንድ ስቱዲዮ ይወስዳቸዋል፡፡ ግማሽ ቀን ዘፈኑ፡፡ ምሳ በሉ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ የትራንስፖርት ተሰጣቸው፡፡ ዜማው የእነሱ፣ ግጥሙም አብዛኛው የእነሱ ነበር፡፡ ዘፈኑ ሲወጣ ግን ግጥምና ዜማ በሚለው ቦታ የአንድ ሰው ስም ተጽፏል፡፡ አሥራ አንዱ ሴቶች «አጃቢ» የሚል ቃል እንኳ አልደረሳቸውም፡፡

ስቱዲዮውንም ወጣቱንም እዚህ ስማቸውን ጠርተን ልናዋርዳቸው አልመጣንም፡፡ ልጁም እንደ እኛ እንጀራ ፈላጊ ነው፤ የስቱዲዮውን ሒሳብ የከፈለው ተበድሮ እንደሆነ ሰምተናል፡፡ የሚያሳስበን ነገሩ የአንድ ሰው ክፋት አለመሆኑ ነው፡፡ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ነው፡፡

አሠራሩ ደግሞ ታሪክ አለው፡፡ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ የነበረውን የሸክላ ማሳተም መብት ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ባንዱና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነበር የሚቀረጹት፡፡ ነፋሹ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፡፡ ዛሬ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ዓለም የሚሰማው ያ ድምፅ የአንድ ክፍል ድምፅ ነው፡፡ ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ፡፡ ከዚያም ኪቦርዱ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሹንም ጠቅልሎ ያዘ፡፡ ሙዚቃ ቤቶቹም ለድምፃዊው አንድ ጊዜ ቆርጦ መክፈል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ለራስ ማስቀረት አስለመዱን፡፡ ካሴቱ ሞተ፣ ሲዲውም ተከተለው፡፡ ቆርጦ መክፈል ግን አልሞተም፡፡ በጎዳና ላይ የሚሸጠው የኮፒ ካሴት ያስለቀሳቸው ትልልቅ ድምፃውያን መብታችን ይከበር ብለው የጮኹትን ያህል፣ ከኋላቸው ስለቆሙት ተቀባዮች የጮኸ ትዝ አይለንም፡፡

ስለ ቀረጻው ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፡፡ ያን ዘፈን ከስልካችን ላይ ደጋግመን ሰማነው፡፡ አቀናባሪው በመጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ ምቱን ሠርቷል፡፡ ሴቶቹ ለዚያ የማይነቃነቅ ምት ነው እንዲዘፍኑ የተደረጉት፡፡ ጓሮ ውስጥ የሰማነው ግን ጭፈራው እየሞቀ ሲሄድ አብሮ የሚፈጥን ነው፤ ሩጫው ነው ጣዕሙ! ቀጥሎ ድምፃቸውን አንድ በአንድ ማይክራፎን ፊት እያቆመ ቀዳ፤ እንግዲህ ጎረቤቷን ሳትሰማ እንዴት ነው የምትገባው? በመጨረሻም አውቶቲውን ጨመረበት፡፡ ይህ ፕሮግራም እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ኖታ ይጎትተዋል፡፡ ሴቶቹ በመካከላቸው የነበራቸው ያ ትንሽ መሻከር (እኛን ያቆመን እሱ ነው) ተላጭቶ ወጣ፡፡

መፍትሔው ውድ ቢሆን ኖሮ ዝም እንል ነበር፡፡ ርካሽ ነው፡፡ አንድ ባለ ሁለት ማይክራፎን የእጅ መቅጃ በቂ ነው፡፡ ሴቶቹ እንደለመዱት ክብ ይቁሙ፤ መቅጃው ከአውጪዋ ትንሽ ቀረብ ብሎ መሐል ይቀመጥ፤ ምት በጆሮ ማዳመጫ አይሰጣቸው፡፡ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅዱ፤ በጌዴኦ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሲመጣ ደግሞ ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው እሱ ነው፡፡ ከቡና መፈልፈያውና ከጄኔሬተሩም ራቁ፡፡ ኪቦርድ የሚፈልግ ከዚያ በኋላ የእነሱን ፍጥነት ተከትሎ ይጫወት፡፡ እኛ ኪቦርድ ጠላት ነው አላልንም፤ ተከታይ ይሁን ነው ያልነው፡፡

አሁን ወደ ገንዘቡ፡፡ «የሕዝብ ዘፈን የማንም አይደለም፤ ማን ለማን ይከፍላል?» የሚለውን መልስ ብዙ ቦታ ሰምተነዋል፡፡ ወናጎ ላይ ቆሞ ይህን መናገር ግን ትንሽ ያሳፍራል፡፡ የወናጎ ቡና በዓለም ገበያ የሚሸጠው ይርጋ ጨፌ በሚለው ስም ነው፡፡ ያን ስም ማን ፈጠረው? ማንም፤ የሕዝብ ነው፡፡ ሆኖም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ድረስ ሄዶ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ በ2007 ስምምነት ላይ ደረሰ፡፡ (ገበሬው እጅ ምን ያህል ገባ የሚለው ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነው፡፡) የቅጂ መብትን ጉዳይ የያዘውም ያው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዜማ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ከዋኙንም ያውቀዋል፡፡ ከዋኝ ማለት በእኛ ቋንቋ ያቺ ከኋላ ያለችው እናት ናት፡፡ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን በር ከፍቷል፡፡ ሕጉ አለ ማለት ነው፡፡ የሌለው ስቱዲዮ በር ላይ የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀት ነው፡፡

ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ሲጀምር ሐሳቡ አድማጩ በስልኩ እንዲገዛ፣ ገንዘቡም ለሠሪዎቹ እንዲከፋፈል ነበር፡፡ እሱ መስከረም 2012 ላይ አረፈ፡፡ ሐሳቡ ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ለመከፋፈል መጀመሪያ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ያስፈልጋል፡፡ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ድርሻው ዜሮ ነው፤ መተግበሪያው ምንም ያህል ቢዘምን፡፡

ጊዜውም አይጠብቅም፡፡ የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ካሜራና ማይክራፎን ይዞ የሚመጣው እየበዛ ይሄዳል፡፡ ለደራሮ በዓል የሚመጣ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ይለጥፋል፡፡ ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ጠበቃ ቢሮ አይሂድ፣ ሶንጎ ይሂድ፡፡ የመሬት ድንበርና የጋብቻ ጠብ በሽማግሌ የሚያልቅበት ቦታ የዘፈን ድርሻ አይከብደውም፡፡ የዘፈኑ ስም፣ የተቀረጸበት ቀን፣ የሁሉም ሴቶች ሙሉ ስም፣ ከሚመጣው ገንዘብ የእያንዳንዷ ድርሻ በመቶኛ፣ ዋናው ቅጂ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፡፡ ከዚያ ጣት ይታተም፡፡

ይህን ብለን ብቻ አልተውነውም፡፡ አንድ ገጽ አዘጋጅተን በገበያ ቀን ወናጎ ተመለስንና ለእኚያ እናት አነበብንላቸው፡፡ አሥራ አንዱን ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ፡፡ «አንዷ ጎድላለች» አሉ፡፡ ስቱዲዮ ሲሄዱ አንዲት ጎረቤት ሕፃናቱን ይዛላቸው ውጪ ተቀምጣ ነበር፡፡ እሷ ባትኖር ማንም አይዘፍንም ነበርና ትጻፍ አሉን፡፡

እኛ ከዋኝ አይደለችም ብለን ተከራከርን፤ አዋጁንም ጠቀስን፡፡ እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ሰጡን፡፡ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ጨምረን እንደገና ማተም አለብን፡፡